በማህፀን ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የደረሳቸው ሕፃናት፦ ሥጋቱ፣ ማስረጃውና የአሳዳጊው ድርሻ



የተከበራችሁ አንባቢያን፣ የቲሞችን በገንዘባችሁ የምትረዱ ለጋሾች፣ እንዲሁም በቤታችሁ ተቀብላችሁ የምታሳድጉ ቤተሰቦች፤ ከእናንተ ዘንድ ደጋግመው ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱን በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ለማብራራት ወደናል። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ትወስድ የነበረች ሕፃን፣ ራሱ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ ቢወለድም፣ በማህፀን ሳለ የደረሰው መድኃኒት ውሎ አድሮ ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም። ነገር ግን ተገቢውን መልስ ሳያገኝ ሲቀር ሁለት ጉዳቶችን ያስከትላል። አንደኛው፣ ነፍሰ ጡር እናት «ልጄን ይጎዳብኛል» ብላ ኪኒኗን በድብቅ ማቋረጧ ነው። ሁለተኛው፣ ጤነኛ የሆነ የቲም «መድኃኒት የነካው ልጅ ነው» ተብሎ አሳዳጊ ማጣቱ ነው፤ አድጎም ለጋብቻ ሲታሰብ የእናቱ ሕመም እንደ ነውር ይነሣበታል። በመሆኑም በጉዳዩ ላይ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉትን ጥናቶች ውጤት አሰባስበን እነሆ አቅርበናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፋችንን ፍሬ ነገር አስቀድመን እንናገር። ከ30 ዓመታት በላይ በተደረገው ክትትል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ያዳኗቸው ሕፃናት ቁጥር ከጎዷቸው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ታውቋል። የሚያሳስብ ምልክት የታየባቸውም መድኃኒቶች አንድ በአንድ እየተለዩ፣ ከፊሎቹ ከአገልግሎት ወጥተዋል፣ ከፊሎቹም በተሻሉ ተተክተዋል። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ግን ልጆቹ ተመዝግበው፣ ከዓመት ዓመት ጤናቸው ስለተጠየቀ ነው። የእኛም የቲሞች ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ይኸው ጠያቂ ነው።

መድኃኒቱ ለእናት ለምን ይሰጣል?

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በሦስት ጊዜያት ሊተላለፍ ይችላል፤ በእርግዝና፣ በወሊድና ጡት በማጥባት ወቅት። ምንም ዓይነት መድኃኒት ካልተወሰደ፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት ይያዛሉ። ከተያዙት መካከልም ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። ስለ መድኃኒቱ ጉዳት ስንነጋገር ይህ ቁጥር ሁልጊዜ በሚዛኑ በአንደኛው ወገን ተቀምጦ መታየት አለበት።

የመጀመሪያው ብሥራት የተሰማው በ1994 ነው። በአሜሪካና በፈረንሳይ በተካሄደ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች፣ በምጥ ጊዜና ከዚያም ለሕፃናቱ ተሰጠ። መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከተሰጣቸው እናቶች ልጆች መካከል 25.5 በመቶ ሲያዙ፣ ዚዶቩዲን ከወሰዱት ግን 8.3 በመቶ ብቻ ተያዙ። በ1999 ደግሞ በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት፣ እናት ምጥ ሲጀምራት አንድ ኪኒን ኒቨራፒን ወስዳ፣ ሕፃኑም በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሰጠው፣ ለአጭር ጊዜ ከሚሰጥ ዚዶቩዲን ይልቅ የመያዝ አደጋው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። ለድሃ አገሮች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና ከእነዚህ በእጅጉ የላቀ ነው። እናት በየቀኑ ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ የያዘ ኪኒን ትወስዳለች፤ ቫይረሱም በደሟ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይዳከማል። ሕክምናውን በሚገባ የሚከታተሉ እናቶች ጡት እያጠቡም ቢሆን፣ የሚያዙት ሕፃናት ከ100ው ከ5 በታች ይሆናሉ፤ ሕክምናው ከእርግዝናው በፊት ተጀምሮ ቫይረሱ በሚገባ ከተገታ ደግሞ ወደ 1ና ከዚያም በታች ይወርዳል። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ሲሆን፣ ከ2013 ወዲህ ቫይረሱ በደሟ የተገኘ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ሳትዘገይ ጀምራ ለዕድሜ ልክ እንድትቀጥል ተደርጓል።

ሕዝቡ ይህን መድኃኒት «የዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ መጥራት ለምዷል። ዕድሜ በአላህ እጅ ነውና እኛ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንለዋለን። ስሙን መለወጣችን ግን ጥቅሙን አያሳንሰውም፤ ሰበብን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭምና። ዱዓና ሩቅያም ኪኒንን ለማቆም ምክንያት አይሆኑም።

«የተጋለጠ» እና «የተያዘ» አንድ አይደሉም

እናቱ ቫይረሱ በደሟ ያለ፣ እርሱ ግን ያልተያዘ ሕፃን በጤና ባለሙያዎች አነጋገር «ተጋልጦ ያልተያዘ» ይባላል። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ከ15 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚኖሩት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። እነዚህ ልጆች ቫይረሱ የለባቸውም፤ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፉትም ነገር የለም። ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ቢበሉ፣ በአንድ አልጋ ቢተኙ፣ አድገውም ቢያገቡና ቢወልዱ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የእናቲቱ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው መከላከያ በእትብት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፍና በደሙ ውስጥ እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆይ ይችላል። ተራው የደም ምርመራ የሚፈልገው ይህንኑ መከላከያ በመሆኑ፣ ያልተያዘውን ሕፃን ሁሉ «አለበት» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ 6 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከተረከዙ ጥቂት ደም ተወስዶ ቫይረሱ ራሱ በሚፈለግበት ልዩ ምርመራ ይታያል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ደግሞ 18 ወር ከሞላውና ጡት ከተወ በኋላ ነው። አንድ አሳዳጊ በስድስተኛው ወር ባየው ወረቀት ብቻ ልጁን «በሽተኛ» ብሎ ቢጠራው በልጁ ላይ ትልቅ በደል ፈጽሟል።

የመጀመሪያው ሥጋት፦ የሕዋሳት ጉልበት

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የምንበላውን ምግብ ወደ ጉልበት የሚለውጡ፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ለሕዋሱ እንደ ምድጃ ናቸው ማለት ይቻላል። እንደ ዚዶቩዲን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ቫይረሱ ራሱን በሚያባዛበት ሰዓት እውነተኛ የሚመስል ሐሰተኛ ጡብ አቀብለው ግንባታውን የሚያቋርጡ ናቸው። ማይቶኮንድሪያዎቹም የራሳቸውን የዘር መመሪያ ስለሚያባዙ፣ ያው ሐሰተኛ ጡብ አልፎ አልፎ ወደ እነርሱም ሊገባ እንደሚችል ሊቃውንቱ ገመቱ።

በ1999 የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህንን ግምት የሚያጠናክር ዘገባ አወጡ። በማህፀን ሳሉ ዚዶቩዲን ብቻውን ወይም ከላሚቩዲን ጋር ከደረሳቸው፣ ነገር ግን ቫይረሱ ከሌለባቸው ሕፃናት መካከል በ8ቱ ላይ የማይቶኮንድሪያ መዳከም ምልክት ማግኘታቸውንና 2ቱም መሞታቸውን አስታወቁ። ዘገባው ብዙዎችን አስደነገጠ። ወዲያውኑም በአሜሪካ ከ16,000 በላይ የሚሆኑ ተጋልጠው ያልተያዙ ልጆች መዛግብት ተመረመሩ፤ ከ5 ዓመት በታች ሳሉ ከሞቱት መካከል በዚህ ሕመም መሞቱ በግልጽ የተረጋገጠ አንድም ልጅ አልተገኘም። በዚያው በ1999 የቀደመው የ1994 ጥናት ልጆች ውጤትም ወጣ፤ 234 ያልተያዙ ልጆች በአማካይ እስከ 4 ዓመት ድረስ ተከታትለዋቸው ነበርና፣ መድኃኒቱ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው በዕድገትም ሆነ በአእምሮ ብስለት ሳይለያዩ ተገኙ።

ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ጉዳዩን በዚያው አልተዉትም። በ2003 ባወጡት ሰፋ ያለ ጥናት ችግሩ በእርግጥ እንዳለ፣ ነገር ግን የሚታየው ከ1,000 ሕፃናት በ3ቱ ገደማ ብቻ መሆኑን ገለጹ። እንግዲህ አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይያቸው። መድኃኒት ካልተወሰደ ከ1,000 ሕፃናት ቢያንስ 150ው በቫይረሱ ይያዛሉ።

በዚህ ረገድ ይበልጥ ጎጂ ሆነው የተገኙት ዲዳኖሲንና ስታቩዲን የተባሉት መድኃኒቶች ናቸው። በጥር 2001 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱ ነፍሰ ጡሮች መካከል 3ቱ ደም በአሲድ በመመረዙ መሞታቸውን ጠቅሶ አስጠነቀቀ። በ2009ም የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲያስወጡ መከረ። ዛሬ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው መድኃኒት እነዚህን አይጨምርም።

ካንሰር ያመጣ ይሆን?

ሥጋቱ የተነሣው ከአይጦች ነው። በ1997 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ዚዶቩዲን ለእርጉዝ አይጦች ሲሰጥ በልጆቻቸው ላይ እብጠት በዝቶ ታየ። በሰው ልጅ ላይ መልሱን ለማግኘት ግን ዓመታት ማለፍ ነበረባቸው። በ2016 ፈረንሳይ ውስጥ በማህፀን ሳሉ መድኃኒቱ የደረሳቸው ከ15,000 በላይ ልጆች መዝገብ ከካንሰር መዝገብ ጋር ተመሳከረ። በጠቅላላው የታየው የካንሰር ቁጥር በሌላው ሕዝብ ልጆች ላይ ከሚጠበቀው አልበለጠም። ሆኖም ከዲዳኖሲን ጋር የተያያዘ ከፍ ያለ አደጋ ተስተውሏል። ዲዳኖሲን ከላይ እንደተናገርነው ቀድሞውኑ የተተወ መድኃኒት ነው፤ በልጅነቱ የደረሰው ሰው ግን ይህን ለሐኪሙ መንገር መቻል አለበት። ለዚህም ነው በመጨረሻ ስለ መዝገብ አጥብቀን የምንናገረው።

የቦትስዋና አዋላጆች ምስክርነት

ከሁሉም ጥናቶች አስተማሪ ሆኖ ያገኘነው የቦትስዋናው ነው። በዚያች አገር ከ2014 ጀምሮ በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ አዋላጅ ነርሶች ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እያዩ፣ የእናቲቱን መድኃኒት ዓይነትና የጀመረችበትን ጊዜ ጭምር ይመዘግቡ ነበር።

በግንቦት 2018 ይህ መዝገብ የማንቂያ ደወል አሰማ። ዶሉቴግራቪር የተባለውን አዲስ መድኃኒት ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ይወስዱ ከነበሩ እናቶች ከተወለዱ 426 ሕፃናት መካከል በ4ቱ ላይ የአከርካሪ ወይም የራስ ቅል በሚገባ አለመዘጋት ታየ። ይህ ዓይነቱ ጉድለት የሚከሠተው ከፅንስ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች መፀነሳቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። በሌሎች መድኃኒቶች ላይ ያሉ እናቶች ልጆች ላይ ግን የሚታየው ከ1,000 በ1ዱ ገደማ ነበር። በዚህም ምክንያት በብዙ አገሮች መውለድ የሚችሉ ሴቶች መድኃኒቱን እንዳያገኙ ተደረገ።

አዋላጆቹ ግን መመዝገባቸውን ቀጠሉ። በ2019 ቁጥሩ ከ1,683 ሕፃናት 5 ሆነ፤ ማለትም ከ1,000 ወደ 3 ወረደ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ለሴቶችም ጭምር ተመራጭ እንዲሆን ወሰነ። በ2022 ደግሞ ከ9,000 በላይ ሕፃናት ተቆጥረው አደጋው ከ1,000 ወደ 1 ገደማ ወርዶ፣ ከሌሎች እናቶች ልጆች ጋር ተስተካከለ። የመጀመሪያው ደወል ከጥቂት ሕፃናት የተነሣ አጋጣሚ እንደነበረ በዚህ ታወቀ። ማስጠንቀቂያውንም ማረጋጊያውንም የሰጠው ያው አንድ መዝገብ መሆኑን ልብ ይሏል። በመካከሉ ቆጠራው ቢቋረጥ ኖሮ የተሻለው መድኃኒት ለእናቶች ሳይደርስ በቀረ ነበር።

ለሌሎችም መድኃኒቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ መዝገብ ከ1989 ጀምሮ አለ። እስካሁን በጠቅላላው የታየው የአካል ጉድለት መጠን በሌላው ሕዝብ ዘንድ ከሚታየው፣ ይኸውም ከ100 ሕፃናት ወደ 3 ከሚጠጋው፣ የበለጠ አይደለም።

ክብደት፣ አጥንትና አእምሮ

የተወሰኑ ነገሮች ግን ዛሬም በጥንቃቄ ይታያሉ። በ2016 የወጣ፣ በአብዛኛው በአፍሪካ የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ሦስት መድኃኒት አጣምረው የወሰዱ እናቶች ልጆች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከ100ው ከ1 በታች ቢሆንም፣ ከዚዶቩዲን ብቻ ይልቅ ያለ ጊዜያቸው የመወለድና ዝቅተኛ ክብደት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አመልክቷል። በ2021 በዘጠኝ አገሮች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በዶሉቴግራቪር ላይ የተመሠረቱት አዳዲስ ጥምረቶች ቫይረሱን ፈጥነው እንደሚገቱ፣ ከእነርሱም አንዱ ይህንን የወሊድ ችግር እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት በእርግዝና መጨረሻ የደረሳቸው ሕፃናት፣ በተወለዱ ሰሞን የአጥንታቸው የማዕድን ይዘት በ12 በመቶ ያህል አንሶ መገኘቱ በ2015 ተዘግቧል። ዚዶቩዲን የደረሳቸው ጨቅላዎች ላይም መጠነኛ የደም ማነስ ይታያል፤ ይህ ግን መድኃኒቱ ሲቆም ይስተካከላል።

አእምሮን በተመለከተ ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ የሚካሄደው የብዙ ዓመታት ክትትል ይጠቀሳል። በዚያ ጥናት የልጆቹ ዕድገት፣ መስማት፣ አነጋገርና ትምህርት በየጊዜው ይመረመራል። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከጉዳት ጋር ሳይያያዙ ቀርተዋል። በ2020 ግን ከ3,000 በላይ ልጆች ታይተው፣ ኤፋቪሬንዝ የደረሳቸው ልጆች የራስ ቅላቸው ከመጠን በታች የመሆን ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ ተገልጿል። ኤፋቪሬንዝ በአገራችንም ለዓመታት ለእናቶች ሲሰጥ የቆየ፣ ከዚያም በዶሉቴግራቪር የተተካ መድኃኒት ነው። ይህ ማለት መድኃኒቱ የደረሰው ልጅ ሁሉ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ የአብዛኞቹ ልጆች ራስ መጠኑ ልክ ነው። ነገር ግን መራመድ ወይም መናገር የዘገየ ልጅ ቢኖር «ይደርሳል፣ ይተው» ከማለት ወደ ሐኪም መውሰድ ተገቢ ነው።

በ1994ቱ ጥናት የተወለዱት ልጆች ዛሬ 30 ዓመት አልፏቸዋል። በዶሉቴግራቪር ዘመን የተወለዱት ግን፣ መድኃኒቱ የተፈቀደው በ2013 ነውና፣ ትልልቆቹ ገና ዐሥራዎቹ ዓመታት ውስጥ ናቸው። ክትትሉ የማይቋረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የቤቱ ሁኔታ

አሁን ወደ እኛ ሥራ እንቅረብ። ተጋልጠው ያልተያዙ ሕፃናት በአጠቃላይ ካልተጋለጡት ይበልጥ እንደሚታመሙ፣ በሕፃንነታቸው የመሞት ዕድላቸውም ከፍ እንደሚል በብዙ አገሮች ታይቷል። በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ጥናትም በ2 ዓመታቸው በቋንቋ ወደ ኋላ የሚቀሩት ከእነዚህ መካከል እንደሚበዙ በ2019 ገልጿል። ይህን የሰማ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ለመጣል ይቸኩላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ልዩነት መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመንም ይታይ ነበር። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፦ የእናት መታመም ወይም መሞት፣ ጡት ቶሎ መተው፣ በቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ መኖር፣ ድህነትና የምግብ እጥረት።

በዚምባብዌ ገጠር የተደረገ ጥናት ለዚህ ብርቱ ማስረጃ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች ልጆች ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ ተጨማሪ ምግብና የአመጋገብ ምክር ከንጹሕ መፀዳጃና ከእጅ መታጠቢያ ጋር ተሰጣቸው። ሁለቱን በአንድነት ያገኙት ልጆች በ2 ዓመታቸው በእንቅስቃሴና በቋንቋ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነበር። ለጋሽ የሚሰጣት ገንዘብ ወተት፣ እህል፣ ሳሙናና የሐኪም ቤት መሄጃ ስትሆን የምታደርገውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አናውቅም።

አሳዳጊዎችና ለጋሾች ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ፣ መዝገብ ይያዝ። የቲም ስንቀበል ከአልባሳቱና ከክትባት ካርዱ ጋር እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ የወሰደችው መድኃኒት ስም፣ የጀመረችበት ጊዜ፣ ለሕፃኑ የተሰጠው ሽሮፕና የምርመራው ውጤት በወረቀት ሰፍሮ ይምጣ። እናቱ በሕይወት ሳለች ያልተጻፈ ነገር ካለፈች በኋላ ከማንም አይገኝም። ክትትሏን ታደርግበት ከነበረው ጤና ጣቢያ ግን የሕክምና ካርዷ ሳይጠፋ ግልባጩን መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የተሰጠው መድኃኒት ይፈጸም። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ለሳምንታት የሚሰጠው ሽሮፕ፣ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮም ነፃ መሆኑ እስኪረጋገጥ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል አይቋረጥ። የ18 ወሩ ምርመራም አይዘለል።

ሦስተኛ፣ በሕይወት ያሉ እናቶች ኪኒናቸውን በፍርሃት እንዳይተዉ እንምከር። መድኃኒቷን በሚገባ የምትወስድ እናት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ማጥባት እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 አስታውቋል። ይህም በሃይማኖታችን ለጡት ማጥባት ከተነገረው የሁለት ዓመት ጊዜ ጋር የሚስማማ ነው። ረመዳን ሲመጣም በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ኪኒን በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት መውሰድ ይቻላልና፣ ለጾም ብላ መድኃኒት የምትዘል እህት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ነፍሰ ጡርና አጥቢ መጾም ቢከብዳት ሸሪዓው ማቅለያ እንደሰጣትም ዑለማዎች ያስተምሯታል።

አራተኛ፣ ዕድገቱ ይታይ። ልጁ በየወቅቱ ይመዘን፣ ቁመቱና የራሱ ዙሪያ ይለካ፤ መቀመጡ፣ መራመዱ፣ መናገሩ፣ ትምህርት ቤት ሲገባም አቀባበሉ ይስተዋል። ወደኋላ የቀረ ነገር ካለ በጊዜ ከታየ የሚረዳበት መንገድ ይገኛል።

አምስተኛ፣ ምስጢሩ ይጠበቅ። የልጁ እናት ሕመም ለጎረቤት ወሬ የሚሆን አይደለም፤ በአሳዳጊው እጅ ያለ አማና ነው። ለጋሾችም የልጁን የሕክምና ታሪክ ካላወቅን አንረዳም አትበሉን። ማወቅ የሚገባቸው አሳዳጊው፣ ሐኪሙና፣ ሲበስል ደግሞ ልጁ ራሱ ናቸው። ለእርሱም ሲነገረው እናቱ እርሱን ከበሽታው ለመጠበቅ በየቀኑ ኪኒን ትውጥ እንደነበረ ተደርጎ ይነገረው። እውነቱም ይኸው ነው፤ ልጅም በእናቱ የሚያፍርበት ሳይሆን የሚያመሰግንበት ታሪክ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በእናቱ ማህፀን ሳለ መድኃኒት የደረሰው የቲም ወደ ቤታችሁ ቢመጣ፣ ከላይ የዘረዘርነውን ወረቀት ጠይቁ፣ ቀጠሮውን ጠብቁ፣ ከልጆቻችሁም ጋር በአንድ ገበታ አስቀምጡት። ይህን መቀበል እያመነታ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለም ጽሑፉን አንብቡለት።

አላህ የቲሞቻችንን በጤና ያሳድግልን፣ እናቶቻቸውንም ይማርልን፣ የእናንተንም ሥራ ይቀበላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።